የባቢሎን ወጥ ቤትና የነፃ ጥበባት ትምህርት

ለማንኛውም የትምህርት ዕቅድ አውጪ እንግዳ ያልሆነ፣ ሆኖም አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለአንድ የተወሰነ ሙያ በቀጥታ የማያዘጋጀው፣ ቋንቋን፣ ታሪክን፣ ሥነ አመክንዮን፣ ፍልስፍናንና መሠረታዊ ሳይንስን አጣምሮ የሚያስተምረው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ «ነፃ ጥበባት» በመባል የሚታወቀው ትምህርት ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። በኢትዮጵያም ጥያቄው የሐሳብ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶ የሚሆኑት ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶ የሚሆኑት ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊ ጥናት እንዲመደቡ ሲወሰን አንድ ዓይነት መልስ ተሰጥቶት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርቶችን፣ ከእነዚህም መካከል ሥነ አመክንዮን፣ ጂኦግራፊንና ሥነ ሰብእን እንዲማሩ ሲደረግ ሌላ ዓይነት መልስ ተሰጠ።

በሁለቱም ጊዜ የነፃ ጥበባት ጠበቆች ያቀረቡት ማስረጃ ደካማ ነበር ለማለት ይቻላል። ትምህርቱ አእምሮን ያሰፋል፣ ሰውን ምሉዕ ያደርጋል ይላሉ። እንዲህ ያለው ቃል በምረቃ ቀን ንግግር ላይ ያምር ይሆናል እንጂ የበጀት ስብሰባን አያሳምንም፤ አይለካም፤ ሐሰት ነው ተብሎም አይረታም። የሚያስፈልገው ይህ ትምህርት ሥራ ሲሠራ በዓይን የሚታይበት፣ ጉድለቱም ጭምር የሚገለጥበት አንድ ተጨባጭ ጉዳይ ነው። የጥንት ምግብ አዘገጃጀት ጥናት እንዲህ ያለ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም ጥናቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ወደ ትርኢትነት የሚያዘነብል ስለሆነ ሳይመረመር ሊወደስ አይገባውም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ወጥ ቤት ከነፃ ጥበባት ደጃፍ ሆን ተብሎ እንዲርቅ የተደረገ ቦታ መሆኑ ነው። አፍላጦን «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሳኑ ሶቅራጥስን ሲያናግር፣ ምግብ ማብሰል ምክንያቱን ማስረዳት የማይችል በልምድ ብቻ የሚገኝ ዘዴ እንጂ ጥበብ አይደለም ያሰኘዋል፤ ከሕክምና ጋር አነጻጽሮም የሕክምናን ልብስ የለበሰ ሽንገላ አድርጎ ያቀርበዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ያስተምር የነበረው የቅዱስ ቪክቶሩ ሁጎ በ«ዲዳስካሊኮን» የዕውቀትን ክፍሎች ሲዘረዝር በሰባቱ ነፃ ጥበባት ትይዩ ሰባት የእጅ ጥበባትን ደርድሯል። ከእነዚህም መካከል ምግብ ማብሰል ለብቻው ስም እንኳ አላገኘም፤ ዳቦውም፣ ሥጋውም፣ መጠጡም በ«አደን» ሥር ተጠቃሎ ገብቷል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ቢሆን ከንባብ ቤት እስከ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም እስከ መጻሕፍት ቤት የተዘረጋው መሰላል ለምድጃ የተተወ እርከን የለውም፤ የቆሎ ተማሪው ዕለት ዕለት የሚለምነው ቁራሽ እንዴት እንደ ተጋገረ ይመርምር ያለው የለም።

የዚህ ንቀት ዋጋ የሚታወቀው በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የባቢሎን ስብስብ ውስጥ በሚገኙት ሦስት የሸክላ ጽላቶች ታሪክ ነው። ጽላቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1730 ገደማ በደቡብ መስጴጦምያ፣ በአካድኛ ቋንቋ፣ ኩኔይፎርም በተባለው የሽብልቅ ቅርፅ ባለው ፊደል የተጻፉ ናቸው። አንደኛው 25 እጅግ አጫጭር የወጥና የመረቅ አሠራሮችን ይዟል፤ ሁለተኛው ሰፋ ያሉ 7 አሠራሮችን፣ በተለይም የአዕዋፍን ሥጋ በሊጥ ከድኖ ማቅረብን ያስረዳል፤ ሦስተኛው ትንሽና እጅግ የተጎዳ ነው። ስለ ጥንታዊ መድኃኒት የተጻፉ ጽሑፎች ብዙ በመሆናቸው፣ ለረጅም ጊዜ እነዚህም የመድኃኒት መቀመሚያዎች ናቸው ተብለው ይገመቱ ነበር። ቅጠል ተወቅጦ፣ ከውሃና ከስብ ጋር ተደባልቆ በእሳት ላይ ይጣዳል የሚል ጽሑፍ ሲገኝ ወደ ሊቃውንቱ አእምሮ ቀድሞ የመጣው ሐኪሙ እንጂ ወጥ ሠሪዋ አልነበረችም። እዚህ ላይ የአፍላጦን ጥላ ይታያል፤ ምግብ ማብሰል ዕውቀት ካልሆነ ማን ጽሐፊ ሸክላ አርጥቦ ይጽፈዋል?

ግምቱን አስተካክሎ የጽላቶቹን ሙሉ ትርጉም ያቀረቡት ፈረንሳዊው የአሦርና የባቢሎን ጥናት ሊቅ ዣን ቦቴሮ (1914–2007 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ቦቴሮ ቀድሞ የዶሚኒካን ማኅበር ካህን የነበሩ፣ ዕብራይስጥንና አካድኛን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በተጨማሪም ምግብ ማብሰል የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውጤታቸውን በጽሑፍ አቅርበው እ.ኤ.አ. በ1995 የጽላቶቹን ሙሉ እትም አሳትመዋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የቋንቋ ሊቅም ወጥ ሠሪም ሆኖ መገኘቱ በዚህ ጉዳይ አጋጣሚ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በጽላቱ ላይ ያሉት ግሦች መፍጨትን፣ ማጥለልን፣ መጨመርንና ማንተክተክን የሚያመለክቱ መሆናቸውን ለመለየት ሰዋስው ብቻ አይበቃም።

ከቃላቱ አንዱን ብቻ ማየት ይበቃል። አብዛኞቹ አሠራሮች የሚጀምሩት በአካድኛ ውሃ ማለት በሆነ ቃል ነው። ቃሉን እንደ ወረደ የሚፈታ ተማሪ የምግቡን ስም «የሚዳቋ ውሃ»፣ «የርግብ ውሃ» ብሎ ይተረጉምና ምንም ሳይገባው ይቀራል። ቃሉ በወጥ ቤት ሲገባ መረቅ ማለት መሆኑን የሚያስተውለው አንድ ቃል እንደ ቦታው ፍቺውን እንደሚለውጥ በቋንቋ ትምህርት የሠለጠነ፣ ደግሞም ድስት ውስጥ የገባ ውሃ ውሃ ሆኖ እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር ያለው በተጻፈው ሳይሆን ባልተጻፈው ላይ ነው። አሠራሮቹ መጠን የላቸውም፤ ሰዓት የላቸውም፤ የእሳቱን ብርታት አይናገሩም። ብዙዎቹ ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑ መስመሮች ያልቃሉ። ሥጋ፣ ውሃ፣ ስብ፣ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ብለው ይቆጥሩና ለማዕድ ይቀርባል ብለው ይዘጋሉ። ይህን አለመሟላት የጥንቱ ጸሐፊ ድንቁርና አድርጎ የሚያይ አንባቢ ብዙ ነው።

ስሕተቱን ለመረዳት ከቤት ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የባቢሎኑ ጸሐፊ የእንጀራን አሠራር በራሱ ልማድ ቢጽፍ ኖሮ የጤፍ ዱቄት፣ ውሃ፣ ማቡካት፣ በምጣድ መጋገር ብሎ በአንድ መስመር ይጨርስ ነበር። እርሾውን አይጠቅስም፤ በየቤቱ ቡሃቃ ውስጥ አለና። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን መቆየቱን፣ ከላይ ያቀረረው ውሃ መቀነሱን፣ ከሊጡ ተቆርሶ በፈላ ውሃ አብሲት መጣሉን፣ ምጣዱ መታሰሱንና በአክንባሎ መከደኑን አይጽፍም፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብሎ አያስብምና። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ ጽሑፉን አግኝቶ በቃሉ መሠረት ዱቄትና ውሃ ደባልቆ ወዲያው የሚጋግር የሩቅ አገር ሊቅ የሚያወጣው ቂጣ ነው። ያንን ቂጣ ቀምሶ «ኢትዮጵያውያን ይበሉት የነበረው ይህን ነው» ብሎ መጽሐፍ ቢያሳትም፣ ቃላቱን አንድም ሳይስት ተርጉሞ ነገሩን ግን ፈጽሞ ስቶታል ማለት ነው።

ቦቴሮ ለነቀፌታ የሚጋለጡትም በዚህ ነጥብ ነው። በትርጉማቸው እጅግ ጥንቁቅ ናቸው፤ ፍቺያቸው የማይታወቅ የቅመማ ቅመም ስሞችን፣ ለምሳሌ ሰሚዱንና ሹሁቲኑን፣ በግምት ከመተርጎም ይልቅ በአካድኛ እንዳሉ ትተዋቸዋል። ይህ ለተማሪ ሁሉ አርአያ የሚሆን ሐቀኝነት ነው። ስለ ምግቡ ጣዕም ግን የስብና የሽንኩርት ዓይነቶችን ብዛት እያዩ፣ ለዚህ ዘመን ሰው የማይቀመስ መሆኑን ቀልድ አክለው ተናግረዋል። መጠኑ ካልተጻፈ ብዛቱ ከየት ተገኘ? የአንድ ነገር ስም በዝርዝር ውስጥ መገኘቱ በድስቱ ውስጥ መብዛቱን አያመለክትም። የማያውቁትን ቃል ሳይተረጉሙ የተዉት ሊቅ የማያውቁትን ጣዕም ግን ፈርደውበታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዬልና ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ የጥንታዊ ቋንቋ ሊቃውንት፣ የምግብ ታሪክ አጥኚዎችና የምግብ ኬሚስትሪ ምሁራን ጥቂቶቹን አሠራሮች እንደገና ተርጉመው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ አዘጋጅተው አቅርበዋል። ከቀረቡት መካከል ቱሁ የተባለው፣ የበግ ሥጋ ከቀይ ሥር፣ ከጠላ መሰል የገብስ መጠጥ፣ ከድንብላልና ከከሙን ጋር የሚሠራበት ወጥ ይገኝበታል። ይህ ሥራ ከቦቴሮ የሚለየው ወጥ ቤቱን የማወቂያ መሣሪያ አድርጎ በመጠቀሙ ነው። መጠኑ ስላልተጻፈ እየለዋወጡ ሞክረዋል፤ ያልተቀየረውን ነገር፣ ማለትም ሥጋ በእሳት ላይ የሚሆነውን፣ ጨው ከውሃ ጋር የሚያደርገውን መሠረት አድርገዋል። የሥጋ ባሕርይ ከሐሙራቢ ዘመን ወዲህ ስላልተለወጠ አካሄዱ መሠረት የለሽ አይደለም።

ከዚህ ሥራ አንድ ነጥብ በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። ከአሠራሮቹ በአንዱ የሚገኝ የተክል ስም ቀድሞ ለማጠቢያ የሚያገለግል የሳሙና ተክል ተብሎ ተተርጉሞ ነበር። ቡድኑ ያንን ተክል ቢጨምር፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ወጡ አረፋ የሚደፍቅና የሚመር ሆነ። እንዶድን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን በቀላሉ ይገምተዋል። እንግዲህ ትርጉሙ ስሕተት ነው ብለው ደመደሙ። መዝገበ ቃላት ሊፈታው ያልቻለውን ድስት ፈታው ማለት ነው፤ በክፍል ውስጥ ለመናገር ይህን ያህል የሚመች ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ምሳሌው ካማረ በኋላ መመርመር አለበት። የሚመር ነገር ሁሉ ከምግብ ዝርዝር ይውጣ ከተባለ ብዙ እውነት አብሮ ይወጣል። የጠላን ወይም የጠጅን አሠራር በጽሑፍ ብቻ ያገኘ እንግዳ ጌሾ የሚለውን ስም አንብቦ ቅጠሉን ቢያኝከው «ይህ ከቶ የመጠጥ ቅመም ሊሆን አይችልም፤ ጸሐፊው ተሳስቷል» ለማለት ይገደዳል። ኮሶን የቀመሰም እንዲሁ። ምላስ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ምስክርነቱም የሚጸናው የተክሉ ኬሚካላዊ ባሕርይ፣ የቃሉ ታሪክና ሌሎች ጽሑፎች አብረውት ሲቆሙ ነው። በሳሙናው ተክል ጉዳይ አረፋው ከምሬቱ ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ምሬት በልማድ ይወደዳል፣ አረፋ በድስት ላይ ሲገነፍል ግን ልማድ አያስቆመውም። ይህን ልዩነት መለየት የቋንቋ ሊቁ ብቻውን፣ የኬሚስትሪ ምሁሩም ብቻውን አልቻለም። ለነፃ ጥበባት ጠቀሜታ የሚቀርብ ማስረጃ ከተፈለገ እዚህ አለ፤ ጥቅሙም ብዙ በማወቅ ሳይሆን የአንዱ ዕውቀት ማስረጃ በሌላው ዕውቀት ፊት ቀርቦ በመፈተኑ ነው።

በዚህ ሁሉ ጥናት በቂ ትኩረት ያላገኘው ሌላ ጥያቄ፣ ጽላቶቹ ለማን ተጻፉ የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የጥቂት ሠልጣኝ ጸሐፍት ሙያ ስለነበረ፣ ምድጃው አጠገብ የቆመው ሰው ጽላቱን አንብቦ ያበስላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ከአሠራሮቹ አንዱ በዔላም፣ ሌላው በአሦር ስም መጠራቱ፣ የዔላሙ መረቅ ደምና የጎመዘዘ ወተት የሚገባበት መሆኑ፣ ነገሩ ከተራ ገበሬ ጎጆ ይልቅ ከታላላቅ ቤቶች ማዕድ ጋር የተያያዘ ያስመስለዋል። በየቤቱ እህል ስትፈጭና መረቅ ስታንተከትክ የኖረችው ሴት ዕውቀት በሸክላው ላይ የለም። ይህ ክፍተት በማንኛውም ድጋሚ ማብሰል የሚሞላ አይደለም፤ ለተማሪዎችም መነገር ያለበት እንዲህ ተብሎ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ታሪክ የሚደረገውም ጥናት ይኸው ችግር አለበት። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ የምግብ አሠራር ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በእንጦጦ ላደረጉት ታላቅ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥተው፣ ግብሩን የአንድ ብሔራዊ የምግብ ሥርዓት መገለጫ አድርገው አቅርበውታል። ሐሳቡ የሚስብ ነው፤ የግብርን ዝርዝር እንደ ፖለቲካ ሰነድ ማንበብ እንደሚቻልም በሚገባ አሳይቷል። ይሁንና ከቤተ መንግሥት ማዕድ ወደ አገር ማዕድ የሚደረገው ሽግግር ፈጥኗል። በድንኳን የቀረበው ሁሉ በገበሬው መሶብ ላይ ነበር አይባልም።

ይህ ጥናት ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ሙግት የራቀ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች «የባህል ቀን» ሲደርስ ልጃገረዶች ያበስላሉ፣ ወንዶች ይበላሉ፣ እንግዶች ያመሰግናሉ፤ በማግስቱ የተማረ ሰው አይገኝም። ምግቡ «የጥንት» ተብሎ ይቀርባል፤ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ማስረጃው ምንድን ነው የሚልማ እንደ ነገረኛ ይቆጠራል። ከእንዲህ ያለው ዝግጅት አንድ ጥያቄ በአግባቡ ማቅረብ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ለግብር የሚቀርበው ወጥ በበርበሬ የቀላ ነበርን ተብለው ይጠየቁ። ሁሉም ማለት ይቻላል አዎን ይላሉ፤ ወጥ ያለ በርበሬ በሐሳባቸው የለምና።

ከዚህ በኋላ የሥነ ሕይወት መምህሩ ይህ የበርበሬ ተክል የአሜሪካ ምድር ተወላጅ መሆኑን ያስረዳል። የታሪክ መምህሯ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ተክሉ ወደ አሮጌው ዓለም ሊደርስ እንደማይችል ታሳያለች። ተማሪው «ስሙ በድሮ ጽሑፍ ቢገኝስ?» ብሎ ቢሞግት የቋንቋው መምህር ተራ ይደርሳል፤ ስም ከአሮጌ ነገር ወደ አዲስ ነገር ይሸጋገራል፣ በአውሮፓ ቋንቋዎችም የቁንዶ በርበሬ ስም ለአዲሱ ተክል ተሰጥቷል። በተቃራኒው ደግሞ በአንዳንድ አካባቢ በቆሎ «የባሕር ማሽላ» መባሉ፣ እህሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ብቻ ይመሰክራል። የኬሚስትሪ መምህሩ የበርበሬ፣ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ማቃጠል ከሦስት የተለያዩ ውሁዶች የሚመጣ መሆኑን ሲያስረዳ፣ በርበሬ ባይኖርም ወጡ አልጫ ብቻ ነበር ለማለት እንደማይቻል ይታያል። ማንፍሬድ ክሮፕ እ.ኤ.አ. በ1988 ያጠኑት «ሥርዓተ ግብር» የተባለው የቤተ መንግሥት ሰነድ ደግሞ፣ ዛሬ ፍቺያቸው የጠፋ የእንጀራና የወጥ ስሞችን የያዘ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ተማሪ ከባቢሎኑ ሰሚዱ ጋር የሚመሳሰል ቃል በገዛ ቋንቋው ያገኛል። ለዚህ ሁሉ አዲስ የትምህርት ዓይነት፣ አዲስ መምህር ወይም አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አራት መምህራን በአንድ ሳምንት ስለ አንድ ጥያቄ እንዲያስተምሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ማስተካከል ነው።

ዕቅድ አውጪዎችን የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ፈተናው ነው። በዚህ መልክ የተማረ ልጅ ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወጥ ሲጠየቅ «በርበሬ እንዳልነበረበት በእርግጥ ይታወቃል፤ በምን ይቀመም እንደነበረ ግን ካለው ማስረጃ መወሰን አይቻልም፤ ለመወሰን የሚከተለው ማስረጃ ያስፈልጋል» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። በምርጫ ላይ የተመሠረተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ከአራቱ አማራጮች አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ የጠፋ ቃልን ሳይተረጉሙ መተው እንደ ባዶ መልስ ተቆጥሮ ዜሮ ያሰጣል። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ፈተና በመምህሩ እጅ ስለሆነ ይህ ግዴታ የለበትም፤ ከአሥሩ ነጥብ አራቱን ለመልሱ፣ ስድስቱን መልሱ እስከ የት እንደሚታወቅ ለይቶ ላሳየ መስጠት በማንኛውም መምህር ሥልጣን ውስጥ ነው።